ክሩ የተበላበት ቦታ

ኢዶሳ ሲያንጎራጉር የሚሰማው ሰው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን ዜማ ነው?» ይላል። አይፈረድበትም። የአምቦው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ኢዶሳ የሚያውቀው ቤዙን፣ የታችኛውን ወፍራም ድምፅ፣ ብቻ ነው። ቤዝ ደግሞ ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ ጣሪያ የሌለው ምሰሶ ነው።

ዘፈኑ የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ነው፤ አራት ወንዶች ተጋግዘው የሚዘፍኑት፣ ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ። በሰማንያዎቹ ኢዶሳ፣ ዳዲ፣ ፍሮምሳና ሚልኬሳ የሚባሉ አራት የመዘምራን ጓደኛሞች ከአንድ አሮጌ ካሴት በጆሯቸው እየለቀሙ ተማሩት። መሪ ድምፁ ሚልኬሳ ነበር። ገና መጀመሪያውን እያጠኑ ሳለ ቴፑ ክሩን በላው። ሚልኬሳ የተጨማደደውን ቆርጦ ጣለና ከባዶ ካሴት ቁራጭ ክር አምጥቶ በእህቱ የጥፍር ቀለም ቀጠለው። እዚያ ቦታ ላይ ካሴቱ ዝም ይላል፤ እነሱም ዝም አሉ። ሚልኬሳ ጣቱን ያነሳል፤ ሲያወርደው ይቀጥላሉ። ሰርግ ላይ ሲዘፍኑት ሰዉ «ዝምታዋ ናት የምትገድለው!» ይል ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንኳ መዝሙር መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ዳዲ ሞተ። ፍሮምሳ ሞተ። ሚልኬሳ ለማስተማር ባኮ ሄዶ እዚያው ቀረ። የኢዶሳ ሚስት ፋንቱም አረፈች።

በ2011 የእህቱ ልጅ መቲ ዘፈኑን ከስልኳ ላይ አግኝታ አሰማችው። ዝም የሚባልበት ቦታ ሲደርስ ሰዎቹ ዝም አላሉም።

«ምን አሉ? ምን አሉ?»

«የመንገደኛው ሚስት ናት፣ አጎቴ። ‹በሩን አልቆለፍኩትም› ትለዋለች።»

ኢዶሳ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ዘመን የዘፈኑት የሚጠብቀው ሰው ስለሌለው መንገደኛ ነበር። ለካ የሚጠብቀው ነበረ! ይሄ ለማን ይነገራል? የቀረው ሚልኬሳ ብቻ ነው። ባኮ ደወለ።

«ኦቦ ኢዶሳ» አለች የሚልኬሳ ሚስት ቢሊሴ፣ «ምላሱ ከተያዘ አራት ወሩ። ሰውም አይለይ። ባይደክሙ ይሻላል።»

«ግድ የለም፣ እመጣለሁ።»

አውቶቡስ ላይ ሆኖ ስለ ፈውስ አልጸለየም፤ ያን የጸለዩ ብዙ ናቸው። «ጌታ ሆይ፣ አንዴ ብቻ አብሮኝ ይዝፈነው» አለ። ከሚልኬሳ ወዲያ ዘፈኑን አብሮት የሚል ሰው አልቀረም።

ሚልኬሳ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ሚልኬ?» ሲል ሰላም አለው።

ሚልኬሳ የሚያልፍ የጭነት መኪና እንደሚያይ አየው።

«አልነገርኩዎትም?» አለች ቢሊሴ፣ በቆሎዋን እየፈለፈለች።

ኢዶሳ ዓይኑን ጨፍኖ ቤዙን ጀመረ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዜማ ነው?» ብላ ሳቀች።

ሳቋን ሳትጨርስ ከቤዙ በላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ገባ፤ ሚልኬሳ ነበር። «ውሃ» ማለት ያቃተው ሰው እንግሊዝኛውን አንድ ሳያስቀር ይዘፍናል። ቢሊሴ በቆሎውን ይዛ ተነሳች።

ወደዚያ ቦታ ቀረቡ። ኢዶሳ አዲሱን ስንኝ አፉ ላይ አድርሶታል። ሚልኬሳ ጣቱን አነሳ።

ኢዶሳ ስንኙን ዋጠው። ዝም አሉ። ጣቱ ወረደ፤ ቀጠሉ፤ ጨረሱት።

ከዚያ ሚልኬሳ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ኢዶሳ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ሚልኬ፣ በሩ አልተቆለፈም ነበር።»

ሚልኬሳ መኪናዎቹን ያያል።

ቢሊሴ ዞር ብላ ቤቷን ተመለከተች። «የቱ በር?» አለች።