የእቴቴ ሹራብ

ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ጠዋት መታወቂያ ይታደላል። እቴቴ የብስኩት ቆርቆሮዋን ታቅፋ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ ልጆቹ ተሰልፈው የየራሳቸውን ይቀበሉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ተቆጣጣሪዋ «መታወቂያሽ ማን ጋ ነው?» ብላ ብትጠይቅ «ይኸው እኔው ጋ» ለማለት ነው። እንግዳዋ ስትወጣ መታወቂያው ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። መኝታ ቤቱና የሸሚዝ ፋብሪካው በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው፤ መታወቂያ ያልያዘን ሰው ደግሞ በረኛው አያሳልፍም። ሰንሰለት አያስፈልግም።

ጥድፊያ ሰልፉ መሃል ነበረች። ይህን ስም ያወጡላት የስፌት መኪና ላይ እጇ ስለሚፈጥን፣ ምላሷም ከእጇ ስለሚቀድም ነው። እቴቴ የእናቷ ታናሽ እህት ናት። ግን ጥድፊያን ብቻ ሳይሆን የመኝታ ቤቱን ግማሽ ልጅ ከየቤቱ ለምና ያመጣችው፣ ሲያማቸው አጠገባቸው የምትቀመጠው እሷ ስለሆነች ሁሉም አክስቴ ይሏታል። ስለ ቆርቆሮው ሲጠይቋት «የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ነው፣ እኔስ ከናንተ እኩል ታስሬ የለ?» ትላለች። ያምኗታል።

በሚቀጥለው ሳምንት የጥድፊያን ታናሽ እህት ልታመጣ ነው።  ጥድፊያ አንዴ ገብታለች፤ ትንሿ ግን ይህን በር እንድታይ አትፈልግም። «አታምጪያት» ብትላት፣ እቴቴ «እስከዚያ ሁሉም ይስተካከላል፣ ሳጥኑ አለላችሁ» አለቻት።

ሳጥኑ የአቤቱታ ሳጥን ነው። ሸሚዙን የሚገዛው ድርጅት ሠራተኞቹ በመረጡት ሰው እጅ እንጂ በሥራ አስኪያጁ እንዳይከፈት አዟል። ልጆቹ ማንን ይምረጡ? እቴቴን። ምርጫው ላይ ያልወጣ እጅ አልነበረም።

ጽሑፍ ግን አስፈራቸው፤ ሥራ አስኪያጁ የሁሉንም የእጅ ጽሑፍ ያውቃል። ዘዴውን ያመጣችው ጥድፊያ ነበረች። መታወቂያዬ ይመለስልኝ የምትል ሁሉ ከተጣሉት የሸሚዝ ቁልፎች አንዱን ሳጥኑ ውስጥ ትክተት። ደህናው ቁልፍ ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው፤ ቀዳዳው ወደ ጎን የሸሸው፣ ጠርዙ የተሸረፈው ግን ባለቤት የለውም። ከዚያም ሄዳ ምስጢሩን ለእቴቴ አጫወተቻት፤ ቁልፎቹ ምን ማለት እንደሆኑ ለተቆጣጣሪዋ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋላ።

«ወይ የኔ ብልጥ፣ ይሄ ጭንቅላት ስፌት ላይ ባክኖ ቀረ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

አሁን ጥድፊያ ተራዋ ደርሶ ቀና ስትል፣ ያ ቁልፎቹ ረግፈው ዓመት ሙሉ እንደተከፈተ የሚውለው የእቴቴ ሰማያዊ ሹራብ እስከ አንገት ተቆልፏል። ከላይ ቀይ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ ጠርዙ የተሸረፈ ቡናማ። ቡናማው ጥድፊያ ራሷ ሳጥኑ ውስጥ የከተተችው ነበር።

«ሹራብሽ ዛሬ አምሮበታል፣ እቴቴ።»

«ብርዱስ? ከወለል ለቃቅሜ ነው። ምን ይጣላል ብለሽ» አለችና መታወቂያዋን ሰጠቻት።

ጥድፊያ ተቀበለች። ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ተቆጣጣሪዋ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም እያየ ሳጥኑን አስከፈተች። እቴቴ መክፈቻውን ከአንገቷ አውጥታ ከፈተች፣ ሳጥኑን ገልብጣ አራገፈች። አቧራ እንኳ አልወጣም።

«ቤተሰብ ነን እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጥድፊያ አዩ፤ እሷ አንገቷን ደፋች።

ተቆጣጣሪዋ ሠራተኞቹን በየተራ ክሊኒኩ ክፍል ውስጥ ነበር የምታናግረው። ወጣት ናት፣ ድካም ያጎበጣት፣ ዓይኗን ከታብሌቷ የማትነቅል።

«ቅሬታ አለሽ?» አለቻት ጥድፊያን።

በሩ ላይ ባለው መስታወት የእቴቴ ሰማያዊ ትከሻ ይታያል። የለኝም ማለት ቀላል ነበር። የእናቷ እህት ናት፤ ያጎረሰቻት፣ ያስታመመቻት። ትንሿ እህቷ በዚያች ሰልፍ ላይ ቆማ ታየቻት።

«ሳጥኑ ባዶ አልነበረም» አለች። «የነበረውን እቴቴ ለብሳዋለች።»

ተቆጣጣሪዋ ቀና አለች። ጥድፊያ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ቁልፎቹ ነገረቻት።

«የወደቀ ቁልፍ ማንም ያነሳል» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«እኔን አትመኚኝ። ሌሎቹን ጥሪና ሳጥን ውስጥ ምን ከተትሽ በያቸው። ስለ ሹራቡ ግን እንዳትነግሪያቸው።»

ጠራቻቸው። ካውያ የምትይዘው፣ ተኳሿ እያሉ የሚቀልዱባት፣ «ቀይ፣ ቀዳዳው የሸሸ» አለች። ኪስ ሰፊዋ እጇን እያሻሸች «ግራጫ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ» አለች። አንዷ ምንም አልከተትኩም ብላ ካደችና ከበር ተመልሳ «አረንጓዴ» አለች። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ጥድፊያንና እቴቴን አንድ ላይ አስገብታ የእቴቴን ሹራብ አስወልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ቀዩም፣ ግራጫውም፣ አረንጓዴውም ተሰፍተውበታል።

እቴቴ ያየችው ጥድፊያን ብቻ ነበር።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የሸሚዙ ገዢ ትእዛዙን ቢሰርዝ ሁላችሁም ጎዳና ናችሁ። ለናንተው ብዬ ነው የደበቅኩት። እኔም እኮ ታስሬያለሁ።»

«ያንቺ መታወቂያ ቆርቆሮው ውስጥ አለ?»

 የእቴቴ እጅ ሳታስበው ወደ ቀሚሷ ኪስ ሄደ።

ተቆጣጣሪዋ መታወቂያው በልጆቹ እጅ ካልቀረና በሩ ካልተከፈተ አንድም ሸሚዝ እንደማይጫን ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው። ቁልፎቹን ለማስረጃ ፈለገቻቸው። መቀሱን ያነሳችው ጥድፊያ ናት። ክሩን ብቻ እየቆረጠች፣ ሱፉን ሳትነካ፣ አንድ በአንድ አወረደቻቸውና ሹራቡን አጥፋ ሰጠቻት። እቴቴ ለብሳው በእጇ ገጥማ እየያዘች ወጣች።

ጥድፊያ መታወቂያዋን ለበረኛው አሳይታ ወጣች። ማዶ ካለው ሱቅ ስልክ ለምና እናቷ ጋ ደወለች፤ እስከዛሬ ከቤት የምታወራው በእቴቴ ስልክ፣ እቴቴ እየሰማች ነበር። ሁሉንም ነገረቻት።

 እናቷ «መታወቂያችሁ እንዳይጠፋባችሁ እኔ ነኝ የምይዘው ብላ ነግራኝ ነበር» አለች። «ደግ አደረግሽ አልኳት።»

«ታውቂ ነበር?»

«እህቴ አይደለችም እንዴ?»

ጥድፊያ የሱቁን መስኮት ብረት ጨበጠች። ልትናገር የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ስልኩ ግን የሰው ነው።

«ትንሿን ስጪኝ።»

ትንሿ እየተፍለቀለቀች መጣች። «ሻንጣዬን ጨርሻለሁ! አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው?»

«አትመጪም። መታወቂያሽ የት ነው?»

«እማዬ ጋ። ለአክስቴ ልትሰጣት አስቀምጣዋለች።»

«ሂጂና ተቀበያት። ስልኩን እንዳትዘጊ። እጅሽ ላይ ሲገባ ንገሪኝ።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማት። ከሩቅ የትንሿ ድምፅ፣ የእናቷ «ለምን?» ማለት፣ እንደገና የትንሿ ድምፅ። ባለሱቁ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ጠየቃት። ጥድፊያ ጀርባዋን ሰጠችውና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ መሳቢያ ሲከፈት ትሰማለች።