የሩፋይዳ አንገት

የሩፋይዳ አንገት አልታዘዝ ካለ ሰነባብቷል። ከመካነ ሰላም በታች ባለው የመስኖ ግድብ በየማለዳው የቢራቢሮ ዋና ትለማመዳለች። ትከሻዋ ሸክም የለመደ ነው፤ እግሯም አይሰንፍም። ግን ሁለት እጆቿን ከውሃ አውጥታ ወደ ፊት ስትወረውር አገጯ ከውሃው በላይ እንደቀና ይቀራል። ያኔ ወገቧ ይሰምጣል፣ የእግሯም ምት ይዘገያል። ቅዳሜ ለዞኑ ቡድን ምርጫ አለ። አንገቷ እስከዚያ ካልተገራ አሰልጣኟ አወቀ በምትወደው ቢራቢሮ እንደማያሰልፋት ቁርጡን ነግሯታል።

«እጅሽ ውሃ ሲገባ አንድ ምት፣ ሊወጣ ሲል ሌላ ምት» ይላል ከዳር ሆኖ እያጨበጨበ። «ተንፍሺና ራስሽ ከእጅሽ ቀድሞ ይግባ።»

«እሺ ጋሽ አወቀ» ትላለች። እሺ ማለቱንማ ማን ብሏት፤ አንገቷ ነው እንጂ እምቢ ባይ።

ሐሙስ ዕለት አወቀ ለቅዳሜው የምርጫ ጉዞ አባቷን ሊያስፈቅድ አብሯት ወደ ቀዬዋ ወረደ። በሰሞኑ ዝናብ በመንገዳቸው ያለው የወንዝ መሻገሪያ ጠልቆ ስለነበር መዋኘት ግድ ሆነ። ሩፋይዳ ቀሚሷንና ጫማዋን ጠቅልላ በሻርፕ አናቷ ላይ አሰረች፤ የዋና ልብሷን ከስር እንደለበሰች ገባች። ወንዝ መሻገር ያስተማሯት አባቷ ሼህ በሽር ናቸው። «ልብስሽ ከረጠበ ዋኘሁ አትበይ» እያሉ ነው ያሳደጓት። አንገቷን አስግጋ፣ ጠብታ ሳታስነካ ወዲያ ማዶ ደረሰች።

አወቀ ከወዲህ ማዶ ሆኖ ሳቀ። «ሩፋይዳ፣ ግድቡ ውስጥም ጓዝሽን ተሸክመሽ ኖሯል የምትዋኚው?»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ማለት ይኸው ነው። ሩፋይዳ መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ደስ አላት፣ የሕመሙን ስም እንደተነገረው በሽተኛ። ጥቅልሉን ሳትፈታ ተመልሳ ውሃው ውስጥ ገባች። እጆቿን ወረወረች፤ ልቧ እየሳሳ ራሷን ከነጥቅልሉ ውሃው ውስጥ ደፋች። ወገቧ እንደ ባዶ ቅል ብቅ አለ። ምቱ አንዴ ከእጇ መግቢያ፣ አንዴ ከመውጫው ጋር ገጠመ። እስከ አወቀ ድረስ እንደዚያው መጣች።

«አብሽሪ፣ ተገኘ» አላት።

ተሻግረው ቤት ሲደርሱ ሼህ በሽር ደጅ ተቀምጠው ነበር። ከልጃቸው ቀሚስ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ያ ረቢ፣ ውሃው ይዞሽ ነበር እንዴ ልጄ?»

«አልያዘኝም አባባ። ዋኘሁ።»

ሼህ በሽር ቀሚሱን አዩ፣ አወቀን አዩ፣ እንደገና ልጃቸውን አዩ። አወቀ የመጣበትን ጉዳይ ገና አፉን ከፍቶ አልተናገረም፤ ቅዳሜ ምርጫ እንዳለ ግን ከልጃቸው ሰምተው ነበር።

«እንግዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለቅዳሜ ደረቅ ልብስ ይፈለግላታ።»