በጭብጨባ ጸደቀ

ሰፈር በእሳት ሲጠፋ ተሰምቷል፤ በጎርፍም ተሰምቷል። ይህ ሰፈር ግን ሊጠፋ የነበረው በጭብጨባ ነው። ያውም በራሱ ነዋሪዎች ጭብጨባ! ጉድ እኮ ነው። ጭብጨባውን ያስጀመረችው ደግሞ ሌላ ሰው ሳትሆን እትዬ ሹክ ናት። ነገሩን ያነሱባት እንደሆነ እስከ ዛሬ በሻርፗ ፊቷን ትሸፍናለች።

እትዬ ሹክ የቴአትር ቤቱ አስታዋሽ ናት። ተዋናይ መድረክ ላይ ቃሉ ጠፍቶት ዓይኑ ሲንከራተት፣ ከመጋረጃው ጀርባ በግራ በኩል በርጩማዋ ላይ ሆና የጠፋውን ቃል ሹክ የምትለው እሷ ናት። ስሟም ከዚያ መጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተመልካቹ መልኳን አያውቀውም፤ ያለ እሷ ግን ስንቱ ጀግና አፉን ከፍቶ በቀረ ነበር! አንድ ጊዜ የሰማችው ቃል አይጠፋትም። ደግሞም አንዲት ፊደል አትለውጥም። ደራሲው የማይረባ ነገር ቢጽፍ እንኳ የማይረባውን እንዳለ ታቀብላለች። «የኔ ሥራ ማቀበል ነው፤ ያበሰለው ይጠየቅበት» ትላለች።

ሰፈሩ አንድ ረጅም ጎዳና ነው። ጫፉ ላይ የቴአትር አዳራሹ አለ። ከዚያ ወዲህ የሠዓሊዎች ቤቶች፣ ግማሽ ፊትና ያላለቁ እጆች የተከመሩበት የቀራፂው ግቢ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኞች፣ ፎቁ ላይ ደግሞ ወለሉ ቀኑን ሙሉ የሚደበደብ የዳንስ ትምህርት ቤት። ቤቶቹ አርጅተዋል፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ደረጃው ይንቋቋል። ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትጠርብ ብትውል፣ ጥሩምባ ስትነፋ ብትውል፣ ጎረቤትህ መጥቶ «ምነው አንተ ሰው፣ አታሳርፈንም?» የማይልህ እዚህ ብቻ ነው። ይህን ጎዳና ነው እንግዲህ «መልሶ ማልማት» ብለው አፍርሰው የገበያ ማዕከልና የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት የተነሱት።

የሰፈሩ ምክር ቤት ሊቀመንበር የእትዬ ሹክ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ «ንጉሡ» ይለዋል፤ ለሹመቱ እንዳይመስላችሁ። በወጣትነቱ እዚሁ መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ ይጫወት ነበር። ድምፁ ብትሉ፣ ቁመናው ብትሉ! ፈጣሪ ሁሉን ሰጥቶ ቃል መያዙን ነፈገው እንጂ። ሁለት መስመር ይልና ይጠፋዋል። ያኔ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፣ እህቱ ሹክ ትላለች፣ እሱም ጆሮው የሰማውን ልቡ ሳያጣራው በአፉ ያወጣዋል።

አንድ ቀን ለሠራዊቱ የዘመቻ ንግግር ሲያደርግ ቀበቶው ሲላላ አየችና ደንግጣ «ሱሪህ ሊወልቅ ነው» አለችው። ንጉሡ ሰይፉን መዘዘ፣ ደረቱን ነፋ፣ ወደ ጦሩ ዞረ። «ሱሪህ ሊወልቅ ነው!» ብሎ አምባረቀ። ሠራዊቱ በሙሉ ሱሪውን ጥፍንግ አድርጎ ያዘ። ተመልካቹ በሳቅ ሞተ። ንጉሡ ከዚያ ወዲያ ትወናውን ትቶ ፖለቲካ ገባ። «ምኑን ተወው?» ይላል ቀራፂው፤ «እዚያም ያው ትወና ነው፤ ልዩነቱ ሲሳሳቱ መሳቅ አይቻልም።»

የመጀመሪያው ስብሰባ የተጠራው በዚያው አዳራሽ ነው። ንጉሡ ወረቀት ሳይዝ ወጣ፤ ወረቀት ማንበብ ለእሱ ውርደት ነው። እትዬ ሹክ እንደ ሰው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አሁን ጠፋበት፣ አሁን ጠፋበት እያለች ነፍሷ ልትወጣ ደረሰ። አልጠፋበትም! ስለ ልማቱ፣ ስለ መስታወት ሕንፃው፣ ሰፈሩ ፈርሶ እንዴት በክብር እንደሚሠራ፣ ከዳር እስከ ዳር አንበለበለው። ምን እንዳለ ልብ አላለችውም፤ መጨረሱ ብቻ ደስ አሰኛትና ብድግ ብላ አጨበጨበች። አዳራሹ ደግሞ የጥበብ ሰው የሞላበት ነው፤ ያማረ ንግግር ሰምቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም። ዳንሰኞቹ አጨበጨቡ፣ ሙዚቀኞቹ አጨበጨቡ፣ ቀራፂው ከእጁ የድንጋይ ዱቄት እስኪቦን ድረስ አጨበጨበ።

ሳምንት ሳይሞላ አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ነዋሪው በቀረበው የመልሶ ማልማት ሐሳብ ላይ ተወያይቶ በጭብጨባ አጽድቋል» ይላል። ከሥሩ በቀይ ቀለም ትልቅ ምልክት። በሁሉም በር ላይ ያው ምልክት።

«ኧረ በሕግ!» አለች ሠዓሊዋ፣ ምልክቱን በጣቷ ነክታ። «ደግሞ ቀለሙ አለመርጋቱ! መቀባት እንኳ የማያውቁ ናቸው የሚያፈርሱን።» ከዚያ ወደ እትዬ ሹክ ዞረች። «እትዬ፣ ባንቺ ጭብጨባ እኮ ነው ያለቅነው።»

እትዬ ሹክ ሻርፗን አጥብቃ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቢሮ ሄደች።

በንጉሡ ጠረጴዛ ላይ በመስታወት የተሸፈነ የአዲሱ ሕንፃ ሞዴል ተቀምጧል። ጥቃቅን የፕላስቲክ ዛፎች፣ ጥቃቅን የፕላስቲክ ሰዎች።

«አዳራሻችን የታለ?» አለችው።

«ይኸውልሽ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ።»

«በርጩማዬስ?»

የሞዴሉን መስታወት በእጅጌው ወለወለ።

«አንተ! እኛ ያጨበጨብነው ቃል ሳይጠፋህ በመጨረስህ ነው እንጂ ለመፍረሳችን ነው እንዴ?»

«እትዬ፣ ቃለ ጉባኤ ለምን አጨበጨቡ አይልም። አጨበጨቡ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው አስተካክለው።»

«ከላይ የመጣ ነገር ነው፤ በኔ እጅ አይደለም። አንድ ስብሰባ ቀርቷል፤ የከተማው ኃላፊዎችና ሕንፃውን የሚሠራው አልሚ ባሉበት። አንድ ጊዜ ካጨበጨባችሁልኝ ነገሩ ያበቃል፣ እኔም ወደ ከተማው ምክር ቤት አልፋለሁ። ባዘልሽኝ ጀርባ ይዤሻለሁ፣ እንዳታዋርጂኝ።»

«እኔ አንተን አዋርጄ አውቃለሁ?»

«ሱሪው...» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው በመሳቋ ተናደደች፣ ከንዴቷ ብዛት ደረጃውን ስትወርድ እንባዋ መጣ። አዳራሹ ከፈረሰ እሷ ምንም አይደለችም፤ ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። መስታወት ሕንፃ ውስጥ ማን ቃል ይጠፋዋል? ማንስ ሹክ በይኝ ይላታል? ወንድሟንም ትወደዋለች፣ እሱም እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

አመሻሹ ላይ ሰፈሩ በቀራፂው ግቢ ተሰበሰበ። አንዱ እንጩህ አለ፣ ሌላው በሩን እንዝጋ አለ፣ ሠዓሊዋ የበሰበሰ ቲማቲም አነሳች።

«የት አባቱ ቲማቲም!» አለች እትዬ ሹክ። «ተዋናይ ጩኸት አይጎዳውም። ጩኸትማ ያው አየንህ ማለት ነው፤ ያሞቀዋል። እኔ ስንቱን ከጀርባ አይቻለሁ፤ ተዋናይን የሚገድለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝምታ።»

«እና ዝም ብለን ልንፈርስ?» አለ ቀራፂው።

«ጋሼ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ካላጨበጨብን ምን ብለው ይጽፋሉ? በዝምታ ጸደቀ ሊሉ ነው? እያንዳንድሽ እጅሽ ላይ ትቀመጫለሽ። አለቀ።»

«አንቺስ? አላስችል ብሎሽ ብድግ ብትይስ?»

«እኔ ፊት ለፊት አልቀመጥም። ቦታዬ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ማጨብጨብ አይፈቀድም።»

የስብሰባው ቀን ደረሰ። የከተማው ኃላፊዎች ፊት ወንበር ላይ ተደረደሩ። የአልሚው ወኪል እግሩን አነባብሮ ሰዓቱን ያያል። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ መድረኩ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቷታል። እትዬ ሹክ በርጩማዋ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ።

ንጉሡ ጀመረ። ድምፁ እንደ ወትሮው አዳራሹን ሞላው። ስለ ልማት ተናገረና፣ እዚህ ጋ ያጨበጭባሉ ብሎ ቆም አለ።

ምንም።

ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ። ስለ መስታወቱ፣ ስለ አሳንሰሩ ተናገረና እንደገና ቆመ። አሁንም ምንም። ሰፈሩ በሙሉ እጁ ላይ ተቀምጧል፤ ቀራፂውማ ራሱ የጠረበው ሐውልት መስሎ ደርቋል። አንዲት ወንበር ሲጥ አለች፤ የወኪሉ ናት።

የንጉሡ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። «ስለዚህ» አለ፣ ድምፁ ሰለለ፤ «ስለዚህ ዛሬ በእናንተ ፊት የምገባው ቃል...»

ጠፋው። እትዬ ሹክ ከማንም ቀድማ አወቀች። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን የለም። ከዚያ፣ ያ ሁሉ ዓመት እንዳላለፈ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ።

ሊያፈርሳት የመጣ ሊቀመንበር ነው፤ ግን ያ ያዘለችው ልጅ ነው። ተዋናይን ባዶ አፉን መድረክ ላይ መተው ደግሞ ለአስታዋሽ ነፍስ ከማጥፋት አይተናነስም፤ አንድም ቀን አድርጋው አታውቅም። ቀጣዩን ቃል ታውቀዋለች፣ ባለፈው ሰምታዋለች፦ «ሰፈራችሁ ፈርሶ በክብር ይሠራል።» ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት አንዲት ፊደል ለውጣ አታውቅም።

ወደ መጋረጃው ጠጋ አለችና ሹክ አለች።

ንጉሡ ፊቱ በራ። ደረቱን ነፋ፣ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ፣ በዚያ በዙፋን ድምፁ አንጎደጎደው።

«ሰፈራችሁ አይፈርስም!»

ቀራፂው እጁን ከመቀመጫው ሥር መዞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ ከዚያ ጣሪያው ተነሳ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ፣ ዳንሰኞቹ ወለሉን ደበደቡ፣ ሠዓሊዋ በሁለት ጣቷ አፏጨች። እንዲህ ያለ ጭብጨባ አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም።

ወኪሉ ብድግ አለ። «ይሄ ስህተት ነው! ሊቀመንበሩ ተሳስተዋል! እንዳይጻፍ!»

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። «እና ምን ብዬ ልጻፍ?»

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ሹክ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መድረኩ ላይ ወጣች። መብራቱ ዓይኗን ወጋት፣ ግን ወጣች።

«የኔ ልጅ» አለቻት ጸሐፊዋን፤ «ባለፈው ስናጨበጭብ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«በጭብጨባ ጸደቀ።»

«ታዲያ እጃችን ተለወጠ እንዴ? ያንኑ ጻፊያ!» ወደ ኃላፊዎቹ ዞረች። ሹክሹክታ የለመደ ድምፅ ነው፣ ሲጮህ ይሰነጠቃል፤ ምን ገዷት! «ለምን አጨበጨቡ አይባልም ብላችሁናል፤ እሺ፣ አይባል። ያ ጭብጨባ ከተቆጠረ ይኸኛውም ይቆጠራል። ይኸኛው የማይቆጠር ከሆነ ያኛውም ይሰረዝ። አንዱን ምረጡ!»

«ሊቀመንበር» አለ ወኪሉ ጥርሱን ነክሶ፤ «ተሳስቻለሁ ይበሉና ነገሩ ይለቅ።»

ሁሉም ንጉሡን ያያል። እሱ እንደ ልማዱ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ። በርጩማው ባዶ ነው። እህቱ ፊት ለፊቱ ቆማለች፣ አፏን ግጥም አድርጋ። የምታቀብለው አንዲት ቃል የላትም፤ ይህኛው ከራሱ መውጣት አለበት። «ተሳስቻለሁ» ቢል በሕይወቷ ዳግም ዓይኑን ላታይ በሆዷ ማለች። ማለች እንጂ እንደማትችለውም ታውቃለች፤ ጭንቋ እሱ ነበር።

ንጉሡ ቅድም ወደ ሕዝቡ የዘረጋውን እጁን አየ። ከዚያ ጣሪያውን አየ፣ የሚያፈሰውን። ከዚያ እህቱን።

«አልተሳሳትኩም» አለ።

በዙፋን ድምፁ አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ የሰው ድምፅ ነበር፤ የኋላ ወንበር ያሉት «ምን አለ? ምን አለ?» ተባባሉ። ጸሐፊዋ ግን ሰምታለች፤ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ወንበሩ አልበረከተለትም፤ ወር ሳይሞላው አነሱት። አልሚው ክስ መሥርቷል፣ ሌላ ስብሰባ ይጠራል ይባላል፣ አዲሱ ሊቀመንበር ከወረቀት ነው የሚያነበው ይባላል። ይጥሩ! ሰፈሩ እጁ ላይ መቀመጥን ተምሯል። ጣሪያው እንደሆነ ማፍሰሱን አልተወም፣ የዳንሱ ወለል መደብደቡን አልተወም፣ ሠዓሊዋም ያንን ርካሽ ቀይ ቀለም ከየበሩ ላይ ፍቃ በራሷ ቀይ በደንብ ቀብታዋለች፤ «ምልክት ከሆነ አይቀር እንዲህ ነው» ብላ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሹክ አዳራሹን ስትጠርግ ንጉሡ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። ክራቫት የለ፣ መኪና የለ።

«እትዬ፣ ሥራ አለ?»

መጥረጊያዋን አቆመች። «ቃል የማይዝ ተዋናይ ምን ያደርግልኛል?»

«አንዲት ቃል ይዣለሁ።»

እትዬ ሹክ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ቀበቶውን ሳይቀር።

«ግባ» አለችው። «መጥረጊያ እዚያ ጥግ አለ።»