አንድ ኪሎባይት

የኮምፒውተር ጠጋኙን ላለማነቅ ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር የቆምኩት። ቁጣ በዘራችን ነው፤ ምን ላድርግ።

«ሁሉም ክላውድ ላይ ነው ብለሽኝ የለ እንዴ?» ይለኛል፣ ካቻቪቴውን እያሽከረከረ።

«ነዋ! ይኸው ስሙ ይነበባል፤ ‹የአባዬ ድምፅ› ይላል። ታዲያ ለምን አይከፈትም? ምን አድርገህበት ነው?»

«እኔ ክላውድሽን የት አውቄው?»

«እና ማን ነካው? ሰይጣን?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩኝ። ይዩኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው ነው። ሥራው መጮህ ነበር። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ እኮ ነው የምልህ!» ሲል ማዶ መንገድ ላይ የሚሄደውም ሾፌር ፍሬን ይይዛል። ቤትም ያው ነው፤ ጨው አቀብሉኝ ለማለት ይጮሃል። እኔም እየጮህኩ አቀብለዋለሁ። ነፍሷን ይማርና እናቴ «እናንተ ስትዋደዱም ጎረቤት ይሰማል» ትለን ነበር።

ከዚያ ጉሮሮው ላይ ያ የማይጠራ ነገር ወጣ። ሐኪሙ ማንቁርቱ ካልተነሣ አይተርፍም አለ። የንግግር ባለሙያዋ ደግሞ ስድስት መቶ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችን። «አባባ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት እነዚህን እያነበቡ ድምፅዎን ይቅዱ። በኋላ የሚጽፉትን የሚያነብ መሣሪያ በራስዎ ድምፅ እንዲናገርልዎ እናደርጋለን» አለችው። ካልተቀዳስ ሲላት የመሣሪያውን ድምፅ አሰማችው።

«ይሄማ ፎቅ የሚቆጥረው ሊፍት ነው!» አለ አባቴ። «ቀሪ ዕድሜዬን ሊፍት ሆኜ ልኖር ነው?»

ሦስት ሳምንት ቀዳን። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ላፕቶፑን የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ መነጽሩን አድርጎ ያነባል። «እባክዎ በሩን ይዝጉልኝ» ይላል ወረቀቱ። አባቴ በሕይወቱ እባክዎ ብሎ አያውቅም። ሲሳሳት ይሳደባል፤ እኔ ስድቡን ቆርጬ አወጣና ንጹሑን ፎልደሩ ውስጥ አስገባለሁ። ስድቦቹን ለእህቴ በስልክ እልክላትና አብረን እንስቃለን።

ቤት ውስጥ «ኢንጂነሯ» ነው የምባለው። እውነቱን ለመናገር የቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ ግን ሪሞቱ እንቢ ያለው፣ ስልኩ የሞላበት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ቀረጻው ሲያልቅ አባቴ «ፍላሽ ላይም አድርጊው» አለኝ። ሳቅሁበት።

«አባዬ፣ ፍላሽ ድሮ ቀረ። ክላውድ ላይ እጭነዋለሁ፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይጠፋም።»

«እሱ የት ነው ያለው?»

«የትም።»

«የትም ያለ ነገር አልወድም» አለ።

ጫንኩት። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አለቀ፤ አረንጓዴዋ ምልክት ብቅ አለች። ዛሬስ ኢንተርኔቱ ጎበዝ ነው አልኩ። አዎ፣ ጎበዝ ነው ያልኩት።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ፤ ቁስሉም ዳነ። ባለሙያዋ ሰኞ ቅጂውን ይዛችሁ ኑ አለችን። ሐሙስ ዕለት ላፕቶፑ አልነሣ አለ። ለጠጋኙ ወስጄ ሰጠሁት። «ውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ? ሙልጭ አድርጌ ነው የማጠፋው» ሲለኝ፣ ጭራሽ ተኮፍሼ «ጥረገው» አልኩት። በዚሁ አፌ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

«እህቴ፣ ተረጋጊና ይህችን እዪ።» የፎልደሩ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽዬ ቀስት አለች። «ይሄ ፎልደር አይደለም፤ ሾርትከት ነው። ስትጫኚው ወደ ፎልደሩ ይወስድሻል እንጂ ውስጡ ምንም የለውም። ዕቃው ሌላ ቦታ ነበር። ክላውዱ ላይ የጫንሽው የቤቱን አድራሻ ነው፤ ቤቱን አይደለም። መጠኑን እዪው፤ አንድ ኪሎባይት።»

«የትኛው ደደብ ነው ይሄን ሾርትከት እዚህ ያስቀመጠው?» ብዬ ጮህኩ።

 እየቆየ መጣልኝ። አባቴ በቀረጻው የመጀመሪያ ቀን ፎልደሩን ሲፈልግ ጠፍቶበት ላፕቶፑን ሊወረውረው ነበር። እኔ ነኝ ዴስክቶፑ ላይ ይህችን ሠርቼለት «ሁለቴ እዚህች ላይ ተጫን፣ ሌላ ነገር እንዳትነካ» ያልኩት። ደደቧ እኔ ነበርኩ።

ጠጋኙ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሥራውን ሁሉ ትቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገለ። ስሞቹ ወጡ፤ ከአንድ እስከ ስድስት መቶ ተደርድረው። ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው፤ አዲሱ ሲስተም ላያቸው ላይ ተጭኗል። የምጮህበት ሰው አጥቼ ላፕቶፑን ታቅፌ ወጣሁ። መንገድ ላይ የመኪና ጡሩምባ የነፋብኝን ሾፌር ሰደብኩት፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

አባቴ ወጥ ቤት ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ፣ ፊት ለፊቱ ደብተር። ገና ሲያየኝ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ጻፈ። ሳልቀመጥ፣ ሳላለሳልስ ነገርኩት። ሾርትከቷን፣ ቀስቷን፣ «ጥረገው» ማለቴን፣ ሁሉንም።

ብድግ አለ። ፊቱ ቀላ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ አፉን ከፈተ። ሠላሳ አምስት ዓመት የማውቀው ቁጣ ነው፤ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩት። ምንም አልወጣም። ሐኪሞቹ ለመተንፈሻ አንገቱ ላይ ከተዉለት ቀዳዳ አየር ብቻ ሽው አለ። እንደገና ሞከረ። ዕድሜ ልኬን ምነው ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ዝም ባለ ስል ኖሬ፣ አሁን እኔ ራሴ «ጩኽብኝ! ጩኽብኝ አባዬ!» እያልኩ አለቀስኩ። ደብተሩን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው።

ያኔ ነው ስልኬ ትዝ ያለኝ። ለእህቴ የላክኋቸው ስድቦች! አንዱን ተጫንኩ።

«ይሄን የጻፈ ሰው መንጃ ፈቃዱ ይነጠቅ! ማን ነው እንዲህ የሚያወራው!»

የአባቴ ድምፅ ወጥ ቤቱን ሞላው። እሱ ባለበት ደረቀ። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ተቀመጠና አንድ በአንድ ሰማቸው። አርባ ሦስት ናቸው። አንዱም ደህና አደርሽ አይልም፤ አንዱም ልጄ አይልም። በእነዚህ ለመሣሪያው ድምፅ መሥራት ይቻል አይቻል አላውቅም።

«ሰኞ እነዚህን ይዘን እንሄዳለን» አልኩት። «ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ አደርጋቸዋለሁ።»

እሱ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያለ አንዱን ይፈልጋል። አገኘው። ተነሥቶ መጣና ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ተጫነው።

«አንቺ ልጅ! ስንቴ ልንገርሽ፤ የማታውቂውን ነገር አትነካኪ!»

«እሺ አባዬ» አልኩ።

እንደገና ተጫነው።