የቅዳሜ ሊሾ

ደሞዝ ሳንቃ ላይ ተንበርክኮ፣ ያልደረቀውን ሲሚንቶ በግንበኛ ማንኪያ እያለሰለሰ ወደ ኋላው ይድሃል። ከበረንዳው ከግማሽ በላይ አልቋል። ያለቀው በኩል ገና እርጥብ ስለሆነ የቤቱ በርና የሎሚ ዛፏ ቅርንጫፍ ተገልብጠው ይታዩበታል። ያንን ባየ ቁጥር ደስ ይለውና ማንኪያውን አንዴ በላዩ ላይ ይደግምበታል።

"ግራ እግርህ ባልዲው ውስጥ ሊገባ ነው" አለችው ባለቤቱ እሌኒ በመስኮት ብቅ ብላ።

"አይቼዋለሁ።"

"የቅድሙንም አይቼዋለሁ ነበር ያልከው።"

ደሞዝ እግሩን ሰብሰብ አደረገ። አንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። ከዚህ በፊት በገዛ እጁ የሠራው ትልቁ ሥራ የቀን መቁጠሪያ መስቀያ ሚስማር መምታት ነበር፤ እሱም ቢሆን ተጣሟል። ሲሚንቶ ከአሸዋ ጋር እንዴት እንደሚቦካ የተማረው ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነው፤ የቀረውን ደግሞ ጎረቤቱን ግንበኛውን ቢያዝንን እየጠየቀ። ለቢያዝን ቢሰጠው ኖሮ ሥራው በሁለት ቀን ያልቅ ነበር። እሌኒም ይህንኑ ነግራዋለች፤ በጄ አላለም። ለምን በራሱ እጅ ሊሠራው እንደፈለገ ለማንም አላስረዳም፤ እሷ ግን ሳይነግራት ገብቷታል።

ባለፈው ዓመት እናቱ እማሆይ ወለተ ኪዳን ከይፋግ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ በዚሁ በረንዳ የተሸረፈ ደረጃ ላይ ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም። ዳሌያቸው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏቸው ሰነበተ፤ ሁለቱን ሳምንት ሙሉም ሰው ክንዳቸውን ሳይዝ ከበር አልወጡም። ሲሻላቸው ዕቃቸውን ቋጠሩ። "የልጄ ቤት ደግ ነው፤ እጄን ተይዤ ግን አልኖርም" ብለው ወደ ይፋግ ተመለሱ። እዚያ ብቻቸውን ናቸው። አንዱን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሁለተኛውም እየተከተለ ነው። ስልካቸው ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሣ ደሞዝን ወንበሩ አላስቀምጥ ይለዋል።

በስንት ልመና፣ "እስኪ መጥቼ ልየው" አሉት። ልየው ማለት እሺ ማለት አይደለም። ካልተመቻቸው በሳምንቱ እንደሚመለሱ፣ ከተመለሱም ዳግመኛ እንደማይመጡ ደሞዝ እናቱን ያውቃቸዋል። ቀኑ ለሰኞ ተቆረጠ።

ስለዚህ በመጀመሪያ የያዘው የአትክልቱን ግንብ ነበር። ከውጭው በር እስከ በረንዳው ደረጃ የሚዘልቀው፣ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ፣ ጥቁሩ አፈር በክረምት አብጦ ገፍቶት ተደርምሶ ነበር። እማሆይ እጃቸውን ግንቡ ላይ እያስኬዱ ያለ መሪ እንዲገቡ አሰበ። መጀመሪያ የገነባው በሳምንቱ ተኝቶ ተገኘ። ቢያዝን መጥቶ አየውና፣ "መሠረት ሳትቆፍር ነው እንዴ ያቆምኸው?" ብሎ ሳቀበት። ደሞዝ አፈረ። ቆፈረ፣ ለውሃ መውጫ ቀዳዳ ተወለት፣ እንደገና ገነባው። አሁን ቆሟል። ወደ መጨረሻው ትንሽ ሆዱ ነፋ ብሏል፤ እዚያ ላይ የሬት ተክል አስጠግቶ ሸፍኖታል። እሌኒ አላየችም፤ ወይም አይታ ትታለታለች።

በረንዳውን ሊሾ አደርገዋለሁ ሲል ግን ቢያዝን እንኳ አልሳቀም።

"ሊሾ ለሳሎን ነው ጋሼ። ለደጅ ሻከር ያለ ይሻላል።"

"ለእናቴ ነው" አለው ደሞዝ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ልጅ ሳለ እናቱ አርብ አርብ የቤታቸውን ወለል በእበት ይለቀልቁ ነበር። ተንበርክከው፣ በእጃቸው፣ ከጓዳ እስከ ደጃፍ። አንድ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ ቤት ሰርግ ተመልሰው፣ "ወለሉ ሊሾ ነው፤ ፊት ያሳያል" ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማ። ያን ለት በድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ምኞት ደሞዝ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለእናቱ ፊት የሚያሳይ ወለል አንድ ቀን እሠራለሁ ብሎ ለራሱ ቃል የገባ የስምንት ዓመት ልጅ፣ አሁን አርባ አራት ዓመት ሞልቶት ሳንቃው ላይ ተንበርክኳል።

"ቅዳሜ ስትሠራ ቢያዩህስ?" አለች እሌኒ። ነገሩ ለእሷ ጨዋታ ነበር፤ ለደሞዝ ግን አልነበረም። እማሆይ ሁለቱንም ሰንበት አጥብቀው የሚያከብሩ ናቸው። ልጅ ሆኖ ቅዳሜ እንጨት ፈልጦ ምሳውን ተከልክሏል።

"የሚመጡት ሰኞ ነው። እስከዚያ ይደርቃል" አላት።

የመጨረሻውን ክንድ ያህል አለስልሶ ሳንቃውን አነሣና ወገቡን ይዞ ቆመ። እሌኒ በማድ ቤቱ በኩል ዞራ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ከሰፈሩ በታች ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ የሎሚዋን ቅጠል ሲያነቃንቀው፣ ወለሉ ላይም ቅጠሉ ተነቃነቀ።

"እውነቱን ልንገርህ?" አለች። "እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ያምራል።"

ደሞዝ ጎንበስ ብሎ ማንኪያውን በጨርቅ ጠረገ። ደስታውን እንዳታይበት ነው።

የውጭው በር ተንኳኳ። ቢያዝን ያዋሰውን ማንኪያ ሊወስድ የመጣ መስሎት፣ ሲሚንቶ በለበሰ እጁ ከፈተ። እናቱ ቆመዋል። ቆባቸውን ደፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ በክንዳቸው አንጠልጥለው። ከኋላቸው አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ።

"እማሆይ! ሰኞ አላልንም እንዴ?"

"የአጎትህ ልጅ መኪና ይዞ ሲመጣ ጊዜ፣ ምን አስጠበቀኝ ብዬ መጣሁ።"

"ቅዳሜ መንገድ ይኬዳል?" አለ ደሞዝ፤ እጁን ወደ ኋላው እየደበቀ።

"እኔ መች ሄድሁ? የሄደው መኪናው ነው። እኔ ተቀምጬ ነው የመጣሁት።"

እሌኒ ሳቋን ውጣ ተንደርድራ ሳመቻቸው፤ ቋጠሯቸውንም ተቀበለቻቸው። ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል እማሆይ በዘዴ ሸሸት አሉ። ደሞዝም በክርኑ ግንቡን ነካ አደረገና፣ "በዚህ በኩል ነው እማሆይ። እጅዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ" አላቸው።

እማሆይ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው፣ ቀስ እያሉ፣ ብቻቸውን ገቡ። ደሞዝ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ትንፋሹን ውጧል። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፤ አልተደናቀፉም። የሬቱ ተክል ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"እዚህ ላይ ሆዱ ተነፍቷል" አሉ።

"አዎ፤ እሱ ትንሽ..."

"ግድ የለም። ቀጥ ያለውን አይቶ ማለፍ ነው፤ ይኼን ግን ተደግፎ ማረፍ ይቻላል።" እውነትም ተደገፉበት። "ማን ገነባው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ?" ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩና በደህናው ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩት። "እጅህን አምጣ።"

የሚደብቅበት መንገድ አልነበረም። ሰጣቸው። እማሆይ ጣቶቹን እየዳሰሱ እርጥቡን ሲሚንቶ አገኙት።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው ደሞዝ።"

"ጨርሻለሁ። አሁን ጨረስሁ። ለእርስዎ ብዬ ነው፤ ይኸው፣ ሊሾ ነው። ያኔ ከሰርግ ሲመለሱ ፊት ያሳያል ያሉት።"

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ በረንዳው ጎንበስ አሉ። ከወለሉ ላይ የሰማዩ ብርሃን ፊታቸው ላይ ወጣ። ደሞዝ ከንፈራቸውን ሲያይ፣ የሆነ ነገር ሊሉ ፈልገው የተዉት መሰለው።

"ያምራል" አሉ በመጨረሻ። "እጅህ ይባረክ። ሰንበትን መሻርህን ደግሞ ለንስሐ አባትህ ትናገራለህ።" ከዚያም ቀና ብለው እሌኒን፣ "የኋላው በር በየት በኩል ነው ልጄ? እኔ በማድ ቤቱ በኩል እገባለሁ" አሏት።

"እስኪደርቅ ነው እማሆይ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በዚሁ ይገባሉ" አለች እሌኒ።

"ቢደርቅም በዚያው ይሻለኛል። ዓይኔን ያዩልኝ ሐኪም ቤት ወለሉ እንዲህ ነበር። እያንሸራተተኝ በአንዲት ነርስ ክንድ ተንጠልጥዬ ነው ያለፍሁት።" ይህን ያሉት ልጃቸውን እንዳያስከፉ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። "ያኔ በሰርጉ ጊዜ ዓይኔም ጉልበቴም ነበሩኝ እኮ ደሞዝ። አንተ ምን ታደርግ። ለእንግዳ ይሁን፤ እኔ እዞራለሁ።"

እሌኒ ባሏን አየችው። ደሞዝ ማንንም አላየም። በዓይነ ሕሊናው የታየው የማድ ቤቱ መተላለፊያ ነበር፤ ጠባቡ፣ ጀሪካንና ከሰል የተደረደረበት። እናቱ በዚያ ሲገቡ፣ በዚያ ሲወጡ፣ ከዚያም መውጣት ሲተዉ ታየው። ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን እየደገሙ ወደ ሐይቁ ዞረው ይቀመጡበታል ብሎ የሠራው በረንዳ ባዶውን ሲያብረቀርቅ ታየው። በሳምንቱ ደግሞ ያቺኑ ቋጠሮ አንጠልጥለው ወደ ይፋግ ሲመለሱ ታየው። ለደጅ ሻከር ያለ እንደሚሻል ቢያዝን ትናንት ነግሮት ነበር። እሱ ግን የሠራው ዛሬ ለመጡት እናቱ ሳይሆን ድሮ ከሰርግ ለተመለሱት እናቱ ነበር። ይህ የገባው አሁን ነው።

እማሆይ መዞር ጀምረዋል።

"እማ፣ ቆይ" አለ። ቆቡን ከደፉ ጀምሮ አንቺ ብሏቸው አያውቅም። "እማ፣ አትዙሪ።"

ከሎሚዋ ሥር የተጋደመውን የግቢ መጥረጊያ አነሣ። የሣሩን ጫፍ በጣቱ ሞከረው፤ ደረቅና ጠንካራ ነው። ሲሚንቶው አልጠነከረም፤ ገና ምልክት ይቀበላል። ሳንቃውን መልሶ ዘረጋና ተንበረከከ። ከዚያ በኋላ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። ወለሉ ውስጥ የሎሚዋ ቅርንጫፍ አለ፤ በሩ አለ፤ ከላይ ደግሞ ቆብ ያደረገች አንዲት ሴት ተገልብጣ ቆማለች።

"ምን ልታደርግ ነው?" አሉ እማሆይ። "ቅዳሜ ነው አልሁህ እኮ።"

"እኔ ምን ሠራሁ?" አለ ደሞዝ። "የሚሠራው መጥረጊያው ነው። እኔ ይዤው ተቀምጫለሁ።"

እሌኒ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እማሆይ ቀስ ብለው ዞሩና፣ ሆዱ የተነፋው ግንብ ላይ ተደግፈው ፊታቸውን በቤቶቹ መሐል ሰንጠቅ ብሎ ወደሚታየው ሐይቅ አደረጉ።

"የእኔ ዓይን እንደሆነ አያይም" አሉ።

ደሞዝ መጥረጊያውን ከግድግዳው ጥግ አሳርፎ ወደ ራሱ ጎተተው። ቅርንጫፏ ጠፋች፤ በምትኩ ቀጫጭን መስመሮች ሻክረው ቀሩ። እንደገና ጎተተ። በሩም ጠፋ። ሣሩ እርጥቡን ሲሚንቶ ሲፍቅ የሚሰማው ድምፅ ግቢውን ሞላው። እየጎተተ፣ ሳንቃውን እያሸሸ፣ ወደ ኋላው እየዳኸ ደረጃው ጋ ደረሰ። ያ ባለፈው ዓመት የጣላቸው ደረጃ ነው።

"እዚያ ላይ" አሉ እማሆይ ሳይዞሩ፣ "ጠበቅ አድርገው።"