በሞቴ ይቅደሙ

ሙጫው የሚሉት መጽሐፍ ጠራዥ ውሸት ሲጀምር እጁ ሥራ አይፈታም። ጣቶቹ መርፌውን በወረቀቱ ጀርባ ያስገባሉ ያስወጣሉ፤ አፉ ደግሞ አንድ ቀን የወረቀት መቁረጫው ማሽን አውራ ጣቱን ቆርጦ እንደጣለበትና እሱ ቶሎ ብሎ በሙጫ መልሶ እንዳጣበቃት ያወራል። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ የሚባል ነገር የለም። ይህን የሚያነሣበት ሰው ሲመጣ «ሙጫው ጥሩ ነዋ» ብሎ ያልፋል።

ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ያቆመው፣ እሱን ካመናችሁት፣ ንፋስ የክፍሉን ጣሪያ ከነወራጁ አንሥቶ ስለወሰደው ነው። እውነቱ ግን ዲክቴሽን በሚጻፍበት ቀን በመስኮት ዘሎ መጥፋቱ ነው። ያን ቀን ዲክቴሽኑን ያነቡ የነበሩት መምህርት ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ መጠረዣ ክፍል ይመጡና የወረቀት ክምር ተደግፈው መጽሐፍ ያነባሉ። ሁሉም «ቲቸር» ይሏቸዋል። ሙጫው ከሰባቱ ቀን የሚሳሳላት ይህችን ቅዳሜ ነው፤ በመስኮት ዘሎ ያልወጣባት ክፍል ይህች ብቻ ናት።

አንባቢዎቹ አራት ናቸው፤ ቲቸር፣ ነርሷ፣ ፀጉር አስተካካዩና ሙጫው። አምስተኛው የቲቸር ባል ሒሳብ አስተማሪው ነበሩ፤ አምና አረፉ። መጽሐፍ መምረጥ ላይ ግን በአምስትም በአራትም ሆነው ተስማምተው አያውቁም። ነርሷ ፍቅር ካልሆነ አታነብም። ፀጉር አስተካካዩ ጦርነት ከሌለበት ሁለተኛ ገጽ ላይ ያንኮራፋል። ቲቸር የሚወዱት የወንጀል ምርመራ ነው፤ ገዳዩን ገጽ ሠላሳ ላይ ያውቁና የቀረውን ሁለት መቶ ገጽ ደራሲውን ሲታዘቡት ይቆያሉ። ሙጫው ያገኘውን ያነባል፣ ያልገባውን ከራሱ ይጨምርበታል።

አንድ ቅዳሜ ነርሷ በፌስታል ሦስት የትርጉም ልብወለድ ይዛ ከች አለች። ሦስቱም ስለ ዞምቢ ነው፤ ሞቶ ስለተነሣ፣ እየተንገዳገደ ስለሚሄድ፣ ያገኘውን ሰው ስለሚነክስ ሬሳ። አንዱ ፍቅር ነው፣ አንዱ ምርመራ፣ አንዱ ጦርነት። «በቃ፣ ሁላችሁም የየራሳችሁን አገኛችሁ» አለች። «ከዚህ በኋላ የሚጣላ ካለ ሬሳው ይገላግለው።»

ችግሩ ከያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ ብቻ መሆኑ ነበር። ለሙጫው ይህ ምኑም አይደል። የመጽሐፎቹን ጀርባ ላጠ፣ ክራቸውን በጠሰ፣ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እያደረገ በጥራዝ በጥራዝ ለያያቸው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት ጥራዝ ቤቱ ይወስዳል፣ ቅዳሜ ይለዋወጣል፤ ሲያልቅ ሙጫው መልሶ ይሰፋቸዋል።

ምርመራው ላይ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ ገዳዩን በጣቱ እየጠቆመ መርማሪው ምን ሊሠራ ደመወዝ ይበላል ብለው ቲቸር ሙግት ገጠሙ። ፍቅሩ ላይ ሲደርሱ ነው ነገር የተበላሸው። ልጅቱ ልታገባ ሦስት ቀን ሲቀራት አባቷ ከመቃብር ተነሥቶ በሯን ያንኳኳል። ትከፍትለታለች። «ወግድ አንተ ሬሳ» ትለውና ግንባሩን በአካፋ ትለዋለች፤ ከዚያ ሠርጉ በሰላም ይደገሳል። ነርሷ ሠርጉ ላይ አልቅሳለች። ፀጉር አስተካካዩ የአካፋዋን ምት ሁለቴ ከወንበሩ ተነሥቶ አሳየ።

ቲቸር አልሳቁም። «አባቷን እኮ ነው አንተ ያለችው» አሉ።

«ኧረ ቲቸር፣ አባቷ መች ሆነ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ዞምቢ ነው። ሥጋው ብቻ ነው የመጣው፤ ሰላምታ እንኳ አያውቅ።»

«ሰላምታ ሳያውቅ በቁሙ አንቱ የምንለው ስንት አለ።»

ነርሷ ለቲቸር አገዘች። እሷ ዋርድ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሱን ስቶ የተኛን ሽማግሌ «አባባ፣ አሁን ላገላብጥዎት ነው» እያለች ነው የምታገላብጠው፤ አንዲት ቀን አንተ ብላ አታውቅም። ፀጉር አስተካካዩ ያ አይነክስሽም አላት። እሷም ስንቱ እንደነከሳት እጅጌዋን ሰብስባ ልታሳየው ስትል ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ።

በቀስታ ነው የተናገሩት። ከጦርነቱ መጽሐፍ አንዲት የመጨረሻ ጥራዝ ቀርታቸዋለች፤ የጀመሩትን መጨረስ ልማዳቸው ስለሆነ እሷን አንብበው ቅዳሜ ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን አይመጡም። ዕድሜያቸው ሬሳ ሲቀጠቀጥ የሚያነቡበት አይደለም፤ ቅዳሜያቸውንም ቤታቸው ያሳልፏታል።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሙጫው የደረቀ ሙጫ ከጣቱ እየላጠ ቀረ። ቲቸር ከቀሩ ነገሩ እንዳበቃ ያውቃል። ነርሷ ተረኛ ነኝ ትላለች፣ ፀጉር አስተካካዩ ቅዳሜ ገበያ ነው ይላል፤ ከወር በኋላ ክፍሉ ውስጥ እሱና ማሽኑ ይቀራሉ። ሌላም ነገር ታየው። ባላቸውን አምና አፈር ያለበሱ ሴት መሐላቸው አስቀምጠው፣ ተመልሶ በር የሚያንኳኳ ሰው በአካፋ ሲመታ እየተንከተከቱ ነው የከረሙት። ራሱን ይሰድባል፤ አንተ ከብት፣ ጆሮህ የት ነበር?

ይቅርታ መጠየቅ ግን አያውቅበትም። የሚያውቀው መዋሸት ነው። ሰኞ ጧት ቲቸር ቤት ሄዶ ያቺ የመጨረሻ ጥራዝ ጠርዟ ተተልትሏል፣ ለጥፌ ላምጣልዎት ብሎ ተቀበላቸው። እዚያች ላይ የተጻፈው ከተማው ሲቃጠልና ሬሳው ሁሉ በነዳጅ ሲነድ ነው። መሳቢያው ውስጥ ቀበራትና በእርሳስ ሌላ አሥራ ስድስት ገጽ ይጽፍ ጀመር። ሁለት ቀን ፈጀበት። ከዚያ ከፊት ባለው ቢሮ ጽሑፍ ለምትተይበው ለአክስቱ ልጅ ወሰደላት። አንብባ ስትጨርስ እንባዋ እስኪፈስ ስቃ፣ ፊደሉን ላርምልህ እንዴ አለችው። «አንዲት እንዳትነኪ፣ ደራሲው ይቀየማል» አላት። እሷም እንደወረደ ተየበችው። ሙጫው ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ አስረጀው፣ አጠፈው፣ ሰው ያነበበው እንዲመስል ጥጉን በአውራ ጣቱ አሳደፈው፣ ሐሙስ ለቲቸር አደረሰ። ከደጃቸው ሲመለስ የመጨረሻዋን ገጽ ባልጻፍኳት አለ፤ ግን ሰጥቷል።

ቅዳሜ ቲቸር ጥራዟን በቦርሳቸው ይዘው መጡ። ሙጫው የመሰለው «ይኸው» ብለው አስቀምጠው የሚሄዱ ነበር። እሳቸው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

አርባ ሺህ ሬሳ ከከተማው በር ይደርሳል። ጥይት አልቋል። በሩን የሚጠብቀው ወታደር ከእናቱ ያገኘው አስተዳደግ ብቻ ነው የቀረው፤ ስለዚህ ከፊት ላለው ሬሳ እጅ ይነሣና «ደህና ዋሉ አባቴ? እንዴት ከረሙ?» ይለዋል። ሬሳው ቀጥ ይላል። ከተነሣ ጀምሮ «ያውና፣ በለው» ከማለት በቀር ያናገረው ሰው የለም። የወለቀ አገጩን በእጁ ይገጥምና በልማድ «አለሁ፣ አልሞትኩም» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ያለውን ሲሰማው ያፍራል። ወታደሩ ይግቡ ይለዋል። ሬሳው አንቱ ከተባለ በኋላ ዘው ብሎ መግባት ነውር ሆነበትና ከኋላው ወዳለው ዞረ። ይቅደሙ። ኧረ እርስዎ ይቅደሙ። በዕድሜ ታላቄ ነዎት። ቢሆንም በሞት ይቀድሙኛል።

«በሞቴ ይቅደሙ» ብለው ቲቸር አነበቡ። «በየትኛው ሞትዎ? በመጀመሪያው። እንግዲያው እኔም በሞቴ! አፈር ስሆን! አፈር ከሆኑማ ቆዩ እኮ።»

ነርሷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ቲቸር ቀጠሉ። አርባ ሺህ ሬሳ እርስ በርሱ እየተግደረደረ በሩ ላይ ሦስት ዓመት ቆመ። ወፎች ባርኔጣቸው ውስጥ ጎጆ ሠሩ። የከተማው ሰው በጓሮ በር እየወጣ እየገባ ኑሮውን ቀጠለ፤ ሴቶቹም ከፊት በተሰለፉት ትከሻ ላይ «ይቅርታ፣ ካላስቸገርንዎት» እያሉ ልብስ ያሰጡ ጀመር።

«ቆይ ቆይ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ይሄ እኔ ባነበብኩት ላይ የለም። እኔ ሳነበው ከተማው ይቃጠላል።»

ሁሉም ወደ ሙጫው ዞሩ። ሙጫው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሁለተኛ እትም ነው አለ። ደራሲው አሻሽሎ ልኮት ነው።

«ደራሲው ከሞተ ሃያ ዓመቱ፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

«ታዲያ የዞምቢ ደራሲ አይደል?»

ፀጉር አስተካካዩ እንጥሉ እስኪታይ ሳቀ። ቲቸር ጥራዟን ወደነሱ ገለበጧት፤ ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። «ሠራዊት በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» አሉ ሙጫውን እያዩ። «በእሳቱ ሰ ጻፍከው። ቢሞቱም ሠራዊት ናቸው። ሰባተኛ ክፍል ሆነህ የጻፍከውን ነው ዛሬም የምትጽፈው፤ ከመጀመሪያው መሥመር ነው ያወቅሁህ።»

ለሙጫው አንዲት ቅንጣት ውሸት አልመጣለትም። ቲቸር ወደ መጨረሻዋ ገጽ ገለጡ። እዚያች ገጽ ላይ መነጽር ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ሬሳ፣ እጅጌያቸው ላይ ጠመኔ ያለባቸው፣ ሰልፉን ቀስ ብለው ጥለው ቤታቸው ይሄዳሉ፣ በሩንም ያንኳኳሉ። ሚስታቸው ይከፍታሉ። አካፋ አልያዙም። «እንኳን ደህና መጡ፣ አንቱ ይግቡ» ይሏቸዋል። ጽሑፉ እዚህ ላይ ያበቃል። ቲቸር ይህችን ጮክ ብለው አላነበቧትም፤ ሌሎቹ አጎንብሰው አነበቡ። ነርሷ ቀና ስትል የማንንም ፊት ማየት አልፈለገችም። ሙጫው እስከ መስኮቱ ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ።

«እዚህ ላይ ያለው ስሕተት የፊደል አይደለም» አሉ ቲቸር።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ...» አለ ሙጫው።

«ዝም ብለህ ስማ። ልጅቱ አባቷን አንቱ ትበል፤ እሱ ልክ ነው። ወታደሩም ልክ ነው። ሚስት ግን አትልም። እኔም ትምህርት ቤት፣ ሰው ፊት፣ አርባ ዓመት አንቱ ስለው ኖሬአለሁ። ቤት ገብተን በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን አንቱ ብዬው አላውቅም።» ቀይ እስክሪብቶውን አነሡና «አንቱ ይግቡ» የሚለውን ሰረዙት።

«ምን ልበል ታዲያ?» አለ ሙጫው። ድምፁ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሆነ።

«‹የት ቆየህ?› በል።»

እሱው ራሱ እንዲጽፈው እስክሪብቶውን አቀበሉት። ጻፈው። ሦስቱም ፊደሉን በዓይናቸው ተከተሉት፤ አልተሳሳተም። ፀጉር አስተካካዩ ክፍሉ አቧራ በዝቶበታል ብሎ መስኮቱን ሊከፍት ሄደ።

ሙጫው እስክሪብቶውን አልመለሰም። ከታች ያለውን ባዶ ቦታ እያየ «እሳቸውስ?» አለ። «ምን ብለው ይመልሳሉ?»

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሻርፓቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ሰበብ አያጣም እሱ» አሉ በመጨረሻ። «ለቅዳሜ አስቤበት እመጣለሁ።»