መሐሉ የጎደለ ቤተ ክርስቲያን

ከፕላስቲክ ጡቦቹ ሣጥን ጋር የመጣው ወረቀት የሚያሳየው የፈረንጅ ቤት አሠራር ብቻ ነበር፤ አራት ማዕዘን፣ ጭስ ማውጫ ያለው። እኔ ደብሪቱ፣ በደብረ ማርቆስ የሕፃናት ትምህርት ቤት ረዳት፣ ፊደል እንኳ ራሴን ያስተማርሁ፣ በነዚያው ጡቦች ክብ ቤተ ክርስቲያን ሠራሁ። አሠራሩንም ደረጃ በደረጃ ሣልሁት። የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር የአጎቴ ልጅ ዲያቆን ታረቀኝ ገለበጠልኝና፣ ተመሳሳይ ሣጥን ላላት ለሉማሜዋ አስተማሪ ለጥላነሽ ላክሁላት።

ዛሬ ጥላነሽ ፊቷን አጥቁራ ከአውቶቡስ ወረደች።

«በወላጆች ፊት ጣሪያው ተደረመሰብኝ! ሙያሽ ይኸ ነው?»

ወረቀቱን ነጠቅኋት። ከሁለተኛው ግድግዳ ቀጥሎ ጣሪያው ተሥሏል። ጣሪያውን የሚሸከመው የመሐሉ ክፍል የለም። ታረቀኝን አስጠራሁት።

«መቅደሱን የት አደረስኸው?»

«ዘለልሁት። የመቅደስ ውስጥ ለሁሉ ይታያል እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው!»

«ቢሆንስ?»

ብለምነው፣ ብሰድበው፣ ወይ ፍንክች! ጥላነሽ ደግሞ «አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው» እያለች ታጣድፈኛለች። በመጨረሻ ከላይ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ሰርዤ «ጎተራ» ብዬ ጻፍሁበት። ታረቀኝ ያን ጊዜ ብዕሩን አንሥቶ የመሐሉን ክፍል ከእኔው ሥዕል አንድም ጡብ ሳያስቀር ገለበጠው።

«ጉልላቱንስ ምን ልበለው?» አለኝ።

«ክዳን በለው!»

ጥላነሽ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው።

«ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ነው ቢሉኝስ?»

«ጎተራ ነው በያቸው» አልኋት፣ ጥርሴን ነክሼ።